የእማዬ ግንባርና የእኔ ፍላሽ

መጋቢት 25፣ ማክሰኞ

ጠዋት እማዬ ሻይ ስትጠጣ ሻዩ በአፏ ቀኝ ጥግ ወረደና አገጯ ላይ ተንጠባጠበ። "ሕፃን ሆንሽ እንዴ?" ብዬ ሳቅኩ። እሷም ልትስቅ ስትል ግማሽ ፊቷ ብቻ ሳቀ። ሌላው ግማሽ ዝም ብሎ አየኝ። ክው አልኩ።

ሐኪም ቤት ሮጥን። ስትሮክ አይደለም! ስትሮክ አይደለም! ስትሮክ አይደለም! (ሦስቴ የጻፍኩት ሐኪሟን ሦስቴ ስላስደገምኳት ነው።) የፊት ነርቭ ነው፣ ብዙው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል አለች። "ብዙው" የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም። "ሁሉም" ብትል ምን ትጎዳ ነበር?

ቀኝ ዓይኗ አይከደንም። ቀን ቀን ጠብታ፣ ማታ ማታ በፕላስተር መዝጋት። ቤት እንደገባን እማዬ ኮሪደር ላይ ያለውን መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

የእህቴ የሚጡ ሠርግ ግንቦት 25 ነው። ስለሱ ማንም ምንም አልተናገረም።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተነገረ።

"ሠርጉ ላይ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ" አለች እማዬ። "ፎቶ ላይ ግን የለሁበትም። ባዕድ ሰው ካሜራ ደቅኖ ይሄን ፊት አያነሳውም።"

ሚጡ እንባዋን ዘረገፈችው። "እናቴ የሌለችበት የሠርግ ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ይቅር በቃ! ሠርጉም ይቅር!"

እኔ ደግሞ ምላሴን ይቁረጠውና፣ "እኔ አነሳዋለሁ!" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ካሜራዬን ከገዛሁ ዓመት ሆኖታል። ካርቶኑ ላይ "ለጀማሪዎች" ይላል። እስካሁን ያነሳሁት የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ መስኮት ላይ ያለውን አበባ፣ የጎረቤት ድመት (ከኋላ) እና አበባውን እንደገና ነው።

"አንቺ ከሆንሽ..." አለች እማዬ። አልጨረሰችውም። ለሚጡ ግን በቂ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደውላ ፎቶ አንሺውን ሰረዘችው። እንዴት ያለ ፍጥነት ነው! ቢያንስ ሌሊቱን ታስብበታለች ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ፊዚዮቴራፒ ጀመርን። ከእንግዲህ በየማክሰኞው ነው። ሰውዬው እማዬን መስታወት ፊት አስቀምጦ፣ "ቅንድብዎን ያንሡ፣ አፍንጫዎን ይሸብሽቡ፣ ጉንጭ ይንፉ!" እያለ ራሱም አብሯት ይነፋል። እንደ ፊኛ! ስሙን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን መንገድ ላይ "ጉንጭ ንፉ" ብለን አወጣንለት። እማዬ ከሕመሟ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አወራች።

በየሳምንቱ ፎቶ ያስፈልጋል አለ። አንድ ቦታ፣ አንድ ርቀት፣ ፊቷ ሳይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ቅንድቧን ስታነሣ፣ ከዚያ ስትስቅ። "ዓይን በየቀኑ ስለሚያይ ለውጡ ያመልጠዋል፤ ፎቶ ግን አይረሳም።" እኔም "ካሜራ አለኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ በሚቀጥለው ክፍል ያሉ ታካሚ ምን ሆነች ብለው ብቅ አሉ።

ዕድሜው ስንት እንደሆነ ልብ አላልኩም። ሠላሳ አምስት ግድም።

ሚያዝያ 4፣ ሐሙስ

ሳሎናችን በቀን እንኳ ጨለማ ነው። ያነሳሁት ሁሉ የተንቀጠቀጠ ነው። ስለዚህ ፍላሽ ገዛሁ! ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ፣ ከካሜራው የሚበልጥ የሚመስል። ባለሱቁ "ይሄ ርካሹ ነው፤ ካሜራሽ አያዘውም፤ ኃይሉን አንቺው ነሽ የምትመርጪው፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ እያልሽ" አለኝ። እኔ በሕይወቴ ማንንም አዝዤ አላውቅም። ጮቤ እየረገጥኩ ቤት ገባሁ።

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። አስቀመጥኳት፣ ሙሉ ኃይል ላይ አደረግኩት (ምክንያቱም "ሙሉ" የሚለው ቃል ጥሩ ይመስላል)፣ ፊት ለፊት ብልጭ!

እማዬ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። ግራ ዓይኗ ተጨፈነ፤ ቀኙ አይከደንም እኮ! ብርሃኑን እንዳለ ተቀበለው። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" ትላለች፣ እኔን ታጽናናለች እንጂ! ጠብታውን ላደርግላት ስል ተቀብላኝ ራሷ አደረገችው።

ፎቶው ላይ ፊቷ እንደ ሳህን ነጭ ሆኗል። አጠፋሁት።

ጠዋትና ማታ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ዓይኗ እንደማይከደን ነበር።

ሚያዝያ 8፣ ሰኞ

ከእንግዲህ መጀመሪያ በሌላ ሰው ላይ ነው የምለማመደው። ክሊኒካችን ታካሚ ባልነበረበት ሰዓት አለቃዬን፣ ጥርስ ሐኪማችንን፣ መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ሥር አቆምኳቸው። ፎቶ ይወዳሉ። ክራባታቸውን አስተካክለው ሠላሳ ሁለቱንም አሳዩኝ።

የሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን፣ ፍጥነት ጨመር አድርጌ አነሳሁ። ፎቶው ከላይ ደህና ነው። ከታች ግን በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ያህል ድቅድቅ!

አለቃዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ "ከአፍንጫዬ በታች የለሁም!" አሉ። "ጥርስ ሐኪሙን ጥርስ አልባ አደረግሽው?"

ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ ላለቅስ ነበር። በኋላ መመሪያውን አነበብኩ (ሰው መመሪያ የሚያነበው ሲቸግረው ነው)፦ ፍጥነቱ ከሰከንድ ሁለት መቶኛው እንዳያልፍ። ከዚያ በላይ ካፈጠንኩት ካሜራው ውስጥ ያለው መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት መዘጋት ይጀምራል፤ ብርሃኑ የሚያገኘው ክፍት የሆነውን ቁራጭ ብቻ ነው። መቶ ስልሳ ላይ መለስኩት። ጥርሳቸው ተመለሰ! አንድ በአንድ ቆጥረው ተረከቡኝ።

ሚያዝያ 13፣ ቅዳሜ

ጮክ ብዬ መጻፍ ቢቻል ጮክ ብዬ ነበር የምጽፈው!!

እማዬን ለምኜ አስቀመጥኳት። ኃይሉን ወደ ሩብ ዝቅ አድርጌዋለሁ። እሷ ግን ፍላሹን እንደ እባብ ታየዋለች። "ይሄን ነገር ከዓይኔ ላይ ዞር አድርጊልኝ" አለችና እጇን ዘርግታ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ገፋችው። ቀጭ! ታጠፈ። ለካ አንገት አለው! ደንግጬ ቁልፉን ተጫንኩት።

ብልጭታው ጣሪያው ላይ አረፈ። ከዚያ መላ ክፍሉ ለአንድ አፍታ ቀን ሆነ። እማዬ አልደነገጠችም፤ ዓይኗም አላለቀሰም። ፎቶውን ሳየው... እማዬ ናት። ቀኝ ጉንጯ ወርዷል፣ አዎ። ግን እማዬ ናት፤ ብርሃኑ በመስኮት የገባ ነው የሚመስለው።

"ይኸው ፎቶ ማንሳት አስተማርኩሽ" አለች።

ጣሪያችን ነጭና ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ያለሰልሰውና ይመልሰዋል። ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ኮሪደር፣ ሁሉንም ክፍል ሞከርኩ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ብቻ ዘጠኝ ጊዜ አነሳሁት።

ሚያዝያ 16፣ ማክሰኞ

ፎቶዎቹን ለ"ጉንጭ ንፉ" አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ "ጎበዝ ነሽ" አለኝ።

እስካለፈው ማክሰኞ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ። ዛሬ "ነሽ"። ሳያውቀው አምልጦት ይሆናል። ለታካሚዎቹም ሁሉ "ጎበዝ" ይላል፤ እማዬንም ሲላት ሰምቻለሁ። ይሄን የምጽፈው ለመረጃ ያህል ነው።

ደግሞ ሐሳብ አቀረበ፦ ብርሃኑ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎን ቢመጣ የግንባሯ ቆዳ ላይ ያለው ትንሽ እንቅስቃሴም ይታይ ይሆን? ይሞከራል!

ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል።

ሚያዝያ 24፣ ረቡዕ

አክስቴ መጥታ ነበር። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማኋት፤ ለመስማት አልፈለግኩም፣ በሩ ግን ክፍት ነው። "ታናሿ ስታገባ ትልቋ ካሜራ ታቅፋ ትቀራለች" ትላለች። እማዬ "ካሜራው ይከብዳል እንዴ?" አለቻት። ሳቄን ፎጣ ውስጥ ቀበርኩት።

ግን አክስቴ ሌላም አለች። "አንዲት ሴት አውቃለሁ፣ ፊቷ እንዲሁ እንደሆነ ቀረ።" እማዬ ተነሥታ ጠብታዋን ፈለገች።

"ብዙው ሰው።" ብዙው፣ ብዙው፣ ብዙው።

ግንቦት 1፣ ረቡዕ

ለውጥ የለም። ወይም አለ፤ አላውቅም። እማዬ ትናንት ጉንጭ መንፋት ሰለቸኝ ብላ መልመጃውን አቋርጣ ወጣች። እሱም አልተቆጣት፤ በር ድረስ ሸኘንና "ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ተስፋ ግን እስኪያድግ አይጠብቅም" አለ። ጥሩ አባባል ነው። ራሱ ያወጣው ይሁን አይሁን እጠይቀዋለሁ።

ሚጡ በየቀኑ ትደውላለች፦ "ተማርሽ? ተማርሽ?"

ግንቦት 4፣ ቅዳሜ

ፍላሹን ወደ ግራ ግድግዳ አዞርኩት። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ፊቷ ላይ ተንሸራተተ። "ቅንድብሽን አንሺ" አልኳት። "እያነሳሁ እኮ ነው" አለች ተናዳ።

ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ከቀኝ ቅንድቧ በላይ ቀጭን መስመር። ፀጉር ነው? ጥላ ነው? ደግሜ አነሳሁ። አለ። ዝም ስትል ይጠፋል፣ ስታነሣ ይመጣል።

አልነገርኳትም። ተሳስቼ ቢሆንስ? ማክሰኞ ምነው ነገ በሆነ።

ግንቦት 7፣ ማክሰኞ

እሱ ፎቶዎቹን በሳምንታቸው ደርድሮ ስክሪኑ ላይ አስቀመጠ። ጣቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ወሰደና መጨረሻው ላይ ቆመ።

"ይቺን ያዩዋታል?" አለ።

እማዬ ተጠጋች። "ምንድን ናት?"

"ሽብሽብ ናት። በቀኝ በኩል። ባለፉት ፎቶዎች ላይ አልነበረችም። ነርቩ ጡንቻውን መጥራት ጀምሯል ማለት ነው።"

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። "ሽብሽብ አወጣሁ?"

"አወጡ!"

"ሽብሽብ አወጣሁ!" ብላ ተነሥታ አቀፈችው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ተራ የሚጠብቁትን አንድ አዛውንት። በዓለም ላይ ሽብሽብ አወጣሁ ብላ እልል ያለች የመጀመሪያዋ ሴት የኔ እናት ሳትሆን አትቀርም። ሰፈር እንደደረሰች ለጎረቤት ሁሉ ግንባሯን አስጎበኘች።

እሱ ስንወጣ "ያንቺ ፎቶ ባይኖር ገና አናውቅም ነበር" አለኝ። ታክሲ አልያዝኩም፤ ማለቴ እማዬን አሳፍሬ እኔ በእግሬ መጣሁ። አየሩ ጥሩ ነበር። (ዘንቧል። ቢሆንም።)

ግንቦት 13፣ ሰኞ

አዳራሹን አየሁት። ወይ ጉድ! ጣሪያው እንደ ሰማይ ሩቅ ነው፤ የተሠራውም ከጥቁር ጣውላ ነው። ፍላሹን ወደ ላይ አዙሬ አነሳሁ። ጣሪያው ብርሃኔን ዋጠው፤ አልመለሰውም። ሙሉ ኃይል አደረግኩት፤ ዋጠው። ግድግዳውም ያው ጣውላ ነው። አብራኝ የመጣችው ሚጡ ፎቶው ላይ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆኑ።

ቀሪው ፊት ለፊት መተኮስ ነው። እማዬን? ፊት ለፊት?

ማታ ለሚጡ ደወልኩ። "አትጨነቂ፣ በግራ ጎኗ በኩል ሆኜ አነሳታለሁ፤ የታመመው ጎን ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አያየውም" አልኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ስዞር እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። የጠብታዋን ብልቃጥ ይዛለች። ፊቷን አዙራ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ

አልመጣም አለች። ብቻዬን ሄጄ ቀጠሮ አዛወርኩ። ምን ሆነች ሲለኝ ጉንፋን አልኩት። አላመነኝም።

"የታመመው ጎን።" እንዲህ ብዬ ነው የጠራሁት። የእማዬን ፊት።

ግንቦት 17፣ ዓርብ

ሦስት ቀን ከ"ብዪ" እና "ዝጊው" በቀር ቃል የለም። ዛሬ ከሥራ ስገባ ሳሎን ተቀምጣ ካሜራዬን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች።

"ቁጭ በይ" አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

"ስድሳ ዓመት ሁለት ጉንጭ ይዤ ኖሬ ለልጄ ሠርግ በአንዱ ልሂድ?"

"እማዬ፣ እኔ እኮ አንቺ እንዳይከፋሽ..."

"እኔስ መጀመሪያ መደበቅ ፈልጌ ነበር። እውነት ነው። ግን ለመደበቅማ መብራት ማጥፋት ይበቃ ነበር፤ ፍላሽ ምን ያደርጋል? አንቺ ይሄን ሁሉ የለፋሽው እኔን ለማሳየት መስሎኝ ነበር።"

አለቀስኩ። እሷም ጥቂት፣ ሁለቱንም ዓይኗን ጨፍና። አዎ፣ ቀኙም! ገና በደንብ ባይሆንም ይከደናል፤ እኔ ከፎቶ ውጭ ማየት ትቼ ኖሯል።

"ያቺ ሽብሽብ እንድትታይ እፈልጋለሁ" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "ደክሜባታለሁ።"

ግንቦት 21፣ ማክሰኞ

መፍትሔ ተገኘ! አለቃዬ ላስገቡት አዲስ የጥርስ ወንበር ማሸጊያ የነበረ ትልቅ ነጭ ፎም፣ እንደ በር የሚያክል። ቀላል ነው፣ ነጭ ነው። ጣሪያ ከሌለ ጣሪያ ይዞ መሄድ ነው! ፍላሹን ወደ ጎን፣ ፎሙ ላይ፤ ከፎሙ ወደ ሰው።

ችግሩ፣ ማን ይይዘዋል? ይሄን ለእማዬ መንገድ ላይ ነገርኳት። እሷም እንደደረስን፣ ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ፣ "ቅዳሜ ሥራ አለህ?" አለችው።

"የለኝም።"

"ልጄ የሚሸከምላት ሰው ትፈልጋለች።"

"ፎም!" አልኩ። "ፎም የሚሸከም!"

እሱ ጆሮው ቀላ። እሸከማለሁ አለ። የክፍሉ ሙቀት ግን ይስተካከል፤ በጣም ይሞቃል።

ግንቦት 25፣ ቅዳሜ

(መልበሻ ክፍል) ሚጡ ለብሳለች። ነጭ ጣሪያ እዚህ አለ። ተመስገን። ከሩብ አልበለጥኩም።

ባትሪ! ሞተ። ቀየርኩ።

አክስቴ ፎሙን ጠረጴዛ መስሏት ኬክ ልታሳርፍበት ስትል ደረስኩ።

ሙሽራው ሁሉም ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁሉም ላይ! ሦስት ብዬ ሳይሆን ሁለት ላይ አነሳሁት። ተሳካ።

እሱ በሄድኩበት ሁሉ ከነግድግዳው ይከተለኛል። "ቀኝ፣ ትንሽ ቀኝ፣ ቁም" እላለሁ። እያዘዝኩ ነው!

ግንቦት 26፣ እሑድ

አሁን ተኝቼ ነው የምጽፈው። እግሬ የኔ አይደለም።

የእማዬና የሚጡ ፎቶ ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ያለ መሰለኝ። በእውነቱ ሙዚቃው ያደነቁር ነበር። እማዬ መሐል ላይ ቆመች። ጥግ አልያዘችም። ፎሙን በስተቀኟ አስቆምኩት፤ ብርሃኑ መጀመሪያ ያንን ጎን እንዲያገኘው። ግማሽ ኃይል።

የመጀመሪያው ላይ እማዬ እንደ ወታደር ደርቃለች። ሁለተኛውም ያው። አክስቴ "ፈገግ በይ እንጂ!" ትላለች፤ ይሄን ለእማዬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባትም። ያኔ እሱ ከፎሙ በላይ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሁለት ጉንጩን ነፋ።

እማዬ ፈነዳች። ሚጡም አብራት። ግራው ቀደመ፣ ቀኙ ዘገየ፣ ግን መጣ፤ እኔ በካሜራው ቀዳዳ ሲመጣ አየሁት። ያኔ ተጫንኩ። ብልጭ!

ፎቶው አለ። ፈገግታዋ ትንሽ ያጋደለ ነው። ግንባሯ ላይ ሽብሽቦቹ አሉ፣ በሁለቱም በኩል፤ በቀኝ በኩል ያሉት ቀጠን ይላሉ። ሚጡ አይታው "ይሄን በትልቁ!" አለች። እማዬ ብዙ አየችውና "ቀሚሴ አምሯል" ብላ ሄደች። ስትሄድ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀች ነው ብዬ ጽፌዋለሁ።

መጨረሻ ላይ፣ ወንበር ሲነሣ፣ እማዬ ካሜራውን ከአንገቴ ላይ አወለቀችው።

"አንቺ አንድም ፎቶ ላይ የለሽም። ቁሚ እዚያ። አንተም ያንን በር አስቀምጥና ቁም።"

"እማዬ፣ መጀመሪያ ፍላሹን ወደ..."

ብልጭ! ፊት ለፊት። ሙሉ ኃይል። ከዚያ ካሜራውን መልሳ ሰጠችኝና እጇን አራገፈች፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው።

ዛሬ ጠዋት ከሚጡ ጋር አየነው። ፎቶው ወደ ግራ ዘንብሏል። ግንባሬ ኖራ የተቀባ መስሏል። የሱ አንድ ጆሮ ተቆርጧል። እኔ ካሜራውን አላይም፣ ወደ ጎን ነው የማየው። እሱም ካሜራውን አያይም።

"ምን እያየሽ ነው?" አለች ሚጡ።

"ፎሙን። እንዳይወድቅ።"

"ፎሙ እኮ እግራችሁ ሥር ተኝቷል።"

በሙያው ሚዛን ካየነው መጥፋት ያለበት ፎቶ ነው። ብርሃኑ ደረቅ፣ አቋሙ ጠማማ፣ ሁለቱም ሰዎች ያልተዘጋጁ።

አላጠፋሁትም። ለመማሪያ ይሆናል።